በራያ ቆቦ ከአዲስ ጉድጓድ በፊት የቀረውን ውሃ መለካት

በሰሜን ወሎ ዞን ራያ ቆቦ ወረዳ ስለመስኖ ልማት በሚቀርቡ ዕቅዶችና ሪፖርቶች ጎልቶ የሚወጣው አሃዝ ብዙውን ጊዜ የተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ብዛትና በእነርሱ የሚለማው መሬት ስፋት ነው፡፡ ጉድጓዶቹ የሚቀዱበት ምድር ምን ያህል ውሃ እንደያዘና ከሃያ ዓመት በላይ ከቆየው አጠቃቀም በኋላ ምን ያህሉ እንደቀረ የሚያሳየው አሃዝ ግን የዚያን ያህል ቦታ ሲሰጠው አይታይም፡፡

ይህ ጥያቄ በወርቅ ማዕድን ዘርፍ ቢነሳ መልሱ ግልጽ ነው፡፡ ለረጅም ዘመን ወርቅ ሲወጣበት በቆየ ቦታ ላይ እንደገና መዋዕለ ንዋይ ከመፍሰሱ በፊት በፍለጋ ቁፋሮ የቀረው ክምችት ይለካል፤ ክምችቱ ሳይታወቅ ፋብሪካ የሚተክል ባለሀብትም ሆነ ብድር የሚሰጥ ባንክ አይገኝም፡፡ በቆቦ ሜዳ የወርቁን ቦታ የያዘው ከምድር በታች ያለው ውሃ ነው፡፡ ሆኖም ውሃ ለማውጣት የሚደረገው ቁፋሮና ውሃውን ለመለካት የሚደረገው ቁፋሮ እንደ አንድ ሥራ ሲቆጠሩ ቆይተዋል፡፡ ሁለቱን ለያይቶ ማየት አሁን አስፈላጊ የሆነበት ምክንያት አለ፡፡

የቆቦ ሜዳ በምዕራብ በጊዳንና በላስታ ደጋዎች፣ በምሥራቅ ደግሞ ወደ አፋር በሚያሻግረው የዞብል ተራራ ሰንሰለት መካከል የተዘረጋ ነው፡፡ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ይህ ሜዳ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ መሬት ተሰንጥቆ በመስመጡ የተፈጠረ ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን ከምዕራቡ ደጋ በጎርፍ እየታጠበ የወረደ ጠጠር፣ አሸዋና ጭቃ ሞልቶታል፡፡ ሆርማትና ጎሊናን የመሳሰሉ ወንዞች ከደጋው ሲወርዱ ከውሃቸው ከፊሉን በዚሁ ደለል ውስጥ ያሰርጋሉ፤ ጎሊና የተረፈውን ይዞ የዞብልን ሰንሰለት በማቋረጥ ወደ አፋር ያልፋል፡፡ ጎርፍ ጉልበቱ ሲደክም መጀመሪያ የሚጥለው ከባዱን ጠጠር ስለሆነ በምዕራቡ ግርጌ ያለው ደለል ሻካራና ውሃ አመላላሽ፣ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ደግሞ እየላመ የሚሄድና ጭቃ የሚበዛበት ነው፡፡ በመሆኑም ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ተራርቀው የተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች ፈጽሞ የተለያየ ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ፡፡

የአካባቢው አርሶ አደር ይህን ውሃ ከመጠቀሙ በፊት የኖረው በዝናብና በጎርፍ ነው፡፡ ከደጋው የሚወርደውን ደራሽ ውሃ በአፈርና በቅርንጫፍ ክትር ጠልፎ ወደ ማሽላና ጤፍ ማሳው የማስገባት ባህሉ የቆየ ነው፡፡ ዓመታዊው ዝናብ በአማካይ 700 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንም በበልግና በክረምት ተከፋፍሎ የሚጥልና የሚዋዥቅ በመሆኑ ድርቅ ሲመጣ የሚያስከትለው ጉዳት ከባድ ነው፡፡ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. እንዲሁም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብ የወሎ ቆላማ አካባቢዎች የከፈሉት ዋጋ የሚዘነጋ አይደለም፡፡ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራምም የዚህ ታሪክ ውጤት ነው ማለት ይቻላል፡፡ ፕሮግራሙ ጥልቅ ጉድጓዶችን በማስቆፈር፣ የጠብታና የርጭት መስኖ መስመሮችን በመዘርጋትና ተጠቃሚዎችን በማኅበር በማደራጀት ሜዳው በበጋም ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሌሎች ለገበያ የሚቀርቡ ሰብሎችን እንዲያመርት አስችሏል፡፡

ጦርነቱ ይህን ሥራ አቋርጦታል፡፡ ቆቦ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር የቆየች ሲሆን፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው ባገረሸበት ወቅትም ለሁለተኛ ጊዜ ተመሳሳይ ሁኔታ ገጥሟታል፡፡ በእነዚህ ጊዜያት የኤሌክትሪክ አቅርቦት ተቋርጦ ነበር፤ በመስኖ አውታሮች ላይም ጉዳት ደርሷል፡፡ የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ የመልሶ ግንባታ ጉዳይ ቢነሳም፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው ግጭት የመስክ ሥራን ዳግም አዳጋች አድርጎታል፡፡

መልሶ ግንባታ ሲታሰብ የሚቀናው የቆመውን ፓምፕ ማስነሳት፣ የጠፋውን መተካትና አዲስ ጉድጓድ መጨመር ነው፡፡ ለተጎዳው ኅብረተሰብ ፈጥኖ መድረስ ስለሚገባ ይህ የሚነቀፍ አይደለም፡፡ ይሁንና የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች የተሠሩት በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፡፡ በዚያን ጊዜ ሜዳው ገና ብዙም አልተቀዳለትም ነበር፡፡ የዛሬውን ዕቅድ በዚያን ጊዜው የውሃ ወለል ላይ መመሥረት በአንድ የቆየ የወርቅ ቦታ ላይ የመጀመሪያውን ዓመት የክምችት ግምት ይዞ እንደመግባት ይቆጠራል፡፡

ወርቅ አውጪዎች እንዲህ አያደርጉም፡፡ በምዕራብ ወለጋ የሚገኘው ቱሉ ካፒ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፡፡ ቦታው ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ወርቅ ያወጡበት ነው፡፡ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ1970ዎቹ ፍለጋ አካሂዶበታል፤ ኒዮታ ሚኔራልስ የተባለው ኩባንያ ከ2009 ጀምሮ ሰፊ ቁፋሮ አድርጎበታል፤ ኬፊ የተሰኘው የእንግሊዝ ኩባንያ ደግሞ በ2013 መጨረሻ ፕሮጀክቱን ተረክቧል፡፡ እያንዳንዱ ተከታይ ከባዶ አልተነሳም፡፡ ከቀዳሚው የተረከበው የጉድጓዶቹን መዝገብ፣ ከየሜትሩ የተወሰደውን ናሙና ውጤትና የድንጋዩን ዓይነት የሚያሳይ ካርታ ነበር፡፡ ዛሬ በቱሉ ካፒ 15 ነጥብ 4 ሚሊዮን ቶን፣ በአማካይ በቶን 2 ነጥብ 1 ግራም ወርቅ የያዘ ማዕድን፣ በጥቅሉም ከ1 ሚሊዮን አውንስ በላይ ወርቅ አለ ተብሎ የሚጠቀሰው በዚህ የተጠራቀመ መረጃ ምክንያት ነው፡፡

የጉጂው አዶላም ሌላ ምሳሌ ነው፡፡ በዚያ ለአሥርት ዓመታት ሲታጠብ የኖረው በወንዞች አሸዋ ውስጥ ያለው የደለል ወርቅ ነበር፡፡ ደለሉ እየተመናመነ በሄደበት አካባቢ ወደ አለቱ ዘልቆ የተደረገው ፍለጋ ለገደንቢን አስገኘ፡፡ መንግሥት ማዕድኑን እ.ኤ.አ. በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ሊያስተላልፍ የቻለውም ከመሬት በታች ያለው ነገር በቁጥር ሊገለጽ የሚችል ስለነበረ ነው፡፡

በማዕድን ዘርፍ ክምችት በአንድ ቃል አይነገርም፡፡ እንደ አውስትራሊያው ጆርክ ያሉ ደንቦች ክምችትን እንደ ማስረጃው ጥንካሬ በደረጃ ይለያሉ፡፡ ጥቂት ጉድጓድ ብቻ የተቆፈረበት የተገመተ፣ ጉድጓዶቹ ሲቀራረቡ የተመላከተ፣ በሚገባ ሲረጋገጥ ደግሞ የተለካ ይባላል፡፡ በተገመተ ክምችት ላይ ብቻ ተመሥርቶ የማዕድን ማውጫ አይገነባም፡፡ በመስኖ ዕቅዶች ላይ ግን “ሊለማ የሚችል መሬት” ተብሎ የሚቀመጠው አሃዝ ከሦስቱ በየትኛው ደረጃ እንዳለ ሳይገለጽ በጀት ሲያዝበት ማየት የተለመደ ነው፡፡ አሃዙ ከአንድ ሰነድ ወደ ሌላው በተሸጋገረ ቁጥር የእርግጠኝነቱ መጠን ሳይጨምር እርግጠኛ እየመሰለ ይሄዳል፡፡

እርግጥ ነው ውሃና ወርቅ አንድ አይደሉም፡፡ ወርቅ ሳይነኩት ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ጎረቤት ስለቆፈረም አይጎድልም፡፡ ውሃ ግን ይፈስሳል፤ አንዱ ሲቀዳ የሌላውን ጉድጓድ ያጎድላል፤ በጥሩ ክረምትም መልሶ ይሞላል፡፡ ይህ ልዩነት የመለኪያ ሥራውን አያስቀርም፤ እንዲያውም ያበዛዋል፡፡ ወርቅ አንዴ ከተለካ የሚቀረው መቀነስ ብቻ ነው፡፡ ውሃ ግን በየዓመቱ ከክረምት በፊትና በኋላ መለካት አለበት፡፡

ለውሃ የሚደረግ የፍለጋ ቁፋሮ ከማምረቻው የሚለየው በዓላማው ነው፡፡ የማምረቻ ጉድጓድ ውሃ ይገኝበታል ተብሎ በሚታመንበት ቦታ ላይ ይቆፈራል፡፡ የፍለጋው ጉድጓድ ግን ስለቦታው በማይታወቅበት ላይ መውረድ ይኖርበታል፤ ውሃ ባያገኝም ዋጋ አለው፡፡ ሪጉ ወደታች ሲዘልቅ በየሜትሩ የሚወጣው ጠጠርና ጭቃ ይሰበሰባል፣ ይመዘገባል፡፡ ጉድጓዱ ሲያልቅ የማይንቀሳቀሰው የውሃ ወለል ጥልቀት ይለካል፤ ከዚያም ፓምፕ ገብቶ ለአንድ ቀን ወይም እስከ ሦስት ቀን ያለማቋረጥ እየተቀዳ ወለሉ ምን ያህል እንደሚወርድ፣ ፓምፑ ሲቆምም በምን ፍጥነት እንደሚመለስ ይታያል፡፡ በዚህ ጊዜ አቅራቢያው ላይ ሌላ የመመልከቻ ጉድጓድ ከሌለ የሚገኘው መረጃ ጎዶሎ ነው፡፡ የሚቀዳው ጉድጓድ የሚናገረው በአብዛኛው ስለራሱ ብቻ ሲሆን፣ ምድሩ ምን ያህል ውሃ እንደሚያከማች የሚያስረዳው ጎረቤቱ ነው፡፡ ብዙ የርክክብ ሰነዶች ላይ የሚገኘው “በሰከንድ ይህን ያህል ሊትር” የሚለው ውጤት የፓምፑን ዓይነት ለመምረጥ ይጠቅማል እንጂ የሸለቆውን ክምችት አይነግርም፡፡

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ቀላል ስሌት መሥራት ይበቃል፡፡ በሰከንድ 40 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ 1 ሺህ 728 ሜትር ኩብ ውሃ ያወጣል፡፡ በደረቁ ወቅት አንድ ሄክታር ሰብል በቀን 60 ሜትር ኩብ ይፈልጋል ቢባል፣ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ ጉድጓዱ የሚያለማው 20 ሄክታር ገደማ ነው፡፡ አንድ ሄክታር በአንድ በጋ 5 ሺህ ሜትር ኩብ፣ ማለትም በመሬቱ ላይ ቢዘረጋ 500 ሚሊ ሜትር የሚሆን ውሃ ይወስዳል እንበል፡፡ ውሃ ያዘለው አሸዋና ጠጠር ሲንጠፈጠፍ የሚለቀው ከይዘቱ አንድ አሥረኛውን ብቻ ከሆነ፣ የሚተካ ውሃ ካልገባ ከዚያ ሄክታር በታች ያለው የውሃ ወለል በ5 ሜትር ይወርዳል፡፡ ከሜዳው አንድ አሥረኛው ብቻ ለምቶ ጉድለቱ በሜዳው ሁሉ እኩል ቢዳረስ እንኳ በዓመት ግማሽ ሜትር ይሆናል፤ በሃያ ዓመት ደግሞ 10 ሜትር፡፡

ጎርፍና ዝናብ ይህን ጉድለት በሙሉ ይተካሉ ወይ የሚለው ነው እንግዲህ በመለኪያ እንጂ በእምነት ሊመለስ የማይገባው፡፡ ውሃን 10 ሜትር ተጨማሪ ከፍታ ማንሳት ከላይ ለተጠቀሰው ጉድጓድ፣ የፓምፑ ብቃት 50 በመቶ ቢሆን፣ በየቀኑ 94 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል፡፡ ወጪው የሚያርፈው በተጠቃሚዎች ማኅበር ላይ ነው፡፡ የሽንኩርት ዋጋ በወደቀበት ዓመት የኤሌክትሪክ ሒሳብ መክፈል የተሳነው ማኅበር ፓምፑን ያቆማል፤ ጉድጓዱም በሪፖርት ላይ “አገልግሎት የማይሰጥ” ተብሎ ይመዘገባል፡፡ ምክንያቱ የውሃ ወለል መውረድ ይሁን፣ የፓምፕ ብልሽት ይሁን፣ ወይስ የአስተዳደር ጉድለት፣ መለኪያ ከሌለ ለይቶ መናገር አይቻልም፡፡

ከሁሉም በፊት የሚጎዳው ግን ጥልቅ ጉድጓድ የሌለው ነው፡፡ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ቅድሚያ እንዲያገኝ ይደነግጋል፡፡ ይኸው አዋጅ በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ ያለ ፈቃድ እንዲቆፈርና ውሃው ጥቅም ላይ እንዲውል ይፈቅዳል፡፡ ድንጋጌው ለአርሶ አደሩ የተደረገ ትክክለኛ እገዛ ነው፡፡ ያልታሰበ ውጤት ግን አለው፡፡ ፈቃድ የማያስፈልገው ጉድጓድ በመዝገብ የመግባት ዕድሉ አነስተኛ ነው፡፡ የጥልቅ ጉድጓዶች ፓምፕ የውሃውን ወለል ሲያወርደው ቀድሞ የሚደርቀው ይኸው በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ስለሚሆን፣ በሕጉ ቅድሚያ የተሰጠው ተጠቃሚ የሚደርስበት ጉዳት በየትኛውም መዝገብ ላይ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው፡፡ የወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤቶች በየቀበሌው ያሉትን በእጅ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ፈቃድ ሳይጠይቁ፣ ክፍያም ሳያስከፍሉ ቢመዘግቡ ከአዋጁ ጋር የሚጋጭበት ምክንያት የለም፡፡

መለኪያ በዘገየበት የሚሆነውን ሐሮማያ አሳይቷል፡፡ የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃና በዙሪያው የነበረው የመስኖ እርሻ ከአንድ ሐይቅና ከግርጌው ምድር ሲቀዱ ቆይተው፣ ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቋል፡፡ ሐረር ውሃ ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች ተራራ ለተራራ ተገፍቶ እንዲመጣላት ግድ ሆነ፡፡ ሐይቁ ባለፉት ዓመታት በከፊል መልሶ ውሃ መያዙ ምድሩ ዕድል ሲሰጠው እንደሚያገግም ቢያመለክትም፣ በመካከሉ የጠፋው ጊዜና ገንዘብ አይመለስም፡፡ ከአገር ውጭም ሳዑዲ ዓረቢያ ከምድር በታች በምትቀዳው ውሃ ስንዴ አምርታ ወደ ውጭ እስከመላክ ደርሳ ነበር፡፡ ውሃው የማይተካ መሆኑን ስታይ የአገር ውስጥ ስንዴ ግዢዋን ደረጃ በደረጃ ቀንሳ እ.ኤ.አ. በ2016 አቁማ ነበር፡፡ በአንጻሩ የቆቦ ሜዳ በየክረምቱ ከደጋው ጎርፍ የሚቀበል በመሆኑ ከሳዑዲው በረሃ የተሻለ ዕድል አለው፤ የዕድሉን ልክ ማወቅ ነው የሚቀረው፡፡

የመጠን ብቻ ሳይሆን የጥራት ጥያቄም አለ፡፡ በእንዲህ ዓይነት ሸለቆዎች ውሃ ወደ ረባዳውና ጭቃ ወደሚበዛበት ክፍል ሲሄድ ጨው እየጨመረ ይመጣል፡፡ ትነት በሚበዛበት ቆላ በእንዲህ ያለ ውሃ የለማ ማሳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፡፡ የጨው ልኬት በእጅ የሚያዝ መሣሪያ በደቂቃ የሚሰጠው ውጤት ሆኖ ሳለ ጉድጓዱ በተረከበበት ቀን ብቻ ተለክቶ መቅረቱ ምክንያት ሊቀርብለት የሚችል አይደለም፡፡

የከርሰ ምድር ውሃ መረጃን በአንድ ቋት ለማደራጀት በፌዴራል ደረጃ ጥረት መደረግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ነው፡፡ ቋቱ ግን የሚሞላው ከወረዳና ከክልል በሚመጣ መዝገብ ነው፡፡ ጉድጓድ ያስቆፈረው አንዱ መሥሪያ ቤት፣ የቆፈረው ሌላ፣ የተቆጣጠረው ሦስተኛ፣ የሚያስተዳድረው ደግሞ ማኅበር በሚሆንበት አሠራር የጉድጓዱ ታሪክ በአራት ቦታ ተከፋፍሎ ይቀራል፡፡ በቱሉ ካፒ የተፈራረቁት ባለፈቃዶች ከመዝገቡ ጋር ያልተለያዩት መዝገቡ ራሱ የሚሸጥ ሀብት ስለሆነ ነው፡፡ የውሃ ጉድጓድ መዝገብ ገዢ ባይኖረውም ባለቤት ሊሰጠው ይገባል፡፡ የሸለቆው ውሃ በወረዳ ወሰን የማይገታ ስለሆነም ባለቤቱ ከአንድ ወረዳ በላይ ማየት የሚችል አካል ቢሆን ይመረጣል፡፡

ሁኔታው መጥፎ ቢሆንም ለመለካት የሚያመች አጋጣሚ ፈጥሯል፡፡ ፓምፑ የተወሰደበት ወይም የቆመ ጉድጓድ ማለት ያለምንም የቁፋሮ ወጪ የተገኘ የመመልከቻ ጉድጓድ ነው፡፡ ፓምፕ እንደገና ከመውረዱ በፊት በሽቦ የሚወርድ መለኪያ ይዞ የውሃውን ወለል ማየትና ጉድጓዱ መጀመሪያ በተቆፈረበት ጊዜ ከተመዘገበው ጋር ማስተያየት ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው፡፡ ልዩነቱ ከምዕራቡ ግርጌ እስከ ዞብል ሥር በካርታ ላይ ቢሰፍር የትኛው ቀበሌ ተጨማሪ ጉድጓድ እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ ያሉትንም መቀነስ እንዳለበት የመጀመሪያውን ሥዕል ይሰጣል፡፡ ካርታው ባዶ ሆኖ በሚታይበት ቦታ ነው የፍለጋ ቁፋሮው መውረድ ያለበት፡፡ ከጥገናው በኋላም ከቆሙት ጉድጓዶች ጥቂቶቹ ፓምፕ ሳይገባባቸው ለክትትል ቢተዉ፣ በሰኔ መጀመሪያና በመስከረም መጨረሻ የሚወሰደው ልኬት ክረምቱ የመለሰውን መጠን በየዓመቱ ያሳያል፡፡

አዲስ የማምረቻ ጉድጓድ የሚቆፈርባቸው ውሎችም እያንዳንዱን ሥፍራ ከአንድ ቀጭን የመመልከቻ ጉድጓድ ጋር አጣምረው ቢዘጋጁ ወጪው የሚያስፈራ አይሆንም፡፡ ሪጉን፣ ኮምፕረሰሩንና ቧንቧውን እስከ ቆቦ ማጓጓዝ ራሱን የቻለ ወጪ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ሪጉ አንዴ ሥፍራው ላይ ከቆመ በኋላ ጥቂት ሜትሮችን ፈቀቅ ብሎ ሁለተኛ ጉድጓድ መቆፈር ለዚሁ ሥራ ብቻ ሌላ ጊዜ ተመልሶ ከመምጣት ይረክሳል፡፡